ያለ ጉዳት የተቆጠሩ ቀናትና የጋዝ ማቀነባበሪያዎች ደኅንነት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በሚገኝ የጋዝ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ በኦፐሬተርነት ስሠራ ቆይቼ በቅርቡ የፈረቃ መሪ ሆኜ ተመድቤአለሁ። በፋብሪካው መግቢያ በር ላይ አንድም ሠራተኛ በጉዳት ምክንያት ከሥራ ሳይቀር ያለፉትን ቀናት የሚያሳይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኃላፊዎቻችን ይደሰታሉ፣ ሽልማትም ይሰጣል። በሌላ በኩል በመቆጣጠሪያ ክፍላችን ማንቂያው ቀኑን ሙሉ ስለሚጮኽ ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ መፈተሽ የነበረባቸው ቫልቮችም ከወር ወር ይተላለፋሉ። ሰሌዳው ትክክል ከሆነ የእኔ ስጋት ከንቱ ነው ማለት ነው? የፈረቃ መሪስ ምን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ ስጋትዎ ከንቱ አይደለም። ሰሌዳው አልዋሸም፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ሠራተኛ ከመሰላል መውደቁን ወይም ጣቱ በማሽን መያዙን የሚቆጥር ቁጥር፣ ጋዝ ከታመቀበት ዕቃ የማምለጡ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ሊያሳይ አይችልም። የመጀመሪያውን ዓይነት ጉዳት ጓንት፣ የራስ ቁርና የግል ጥንቃቄ ይቀንሱታል፤ ሁለተኛውን ግን የሚወስኑት የብረቱ ዓይነትና ዕድሜ፣ የቫልቮቹ ይዞታ፣ የኦፐሬተሩ ዕውቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘብና የሰው ኃይል የት እንደሚውል የሚወስነው አለቃ ናቸው። ታላላቅ አደጋዎች ከስንት አንዴ የሚደርሱ በመሆናቸው፣ አንድ ፋብሪካ ለአሥር ዓመት ሳይፈነዳ መቆየቱ ስለ መጪው ሳምንት የሚሰጠው ማረጋገጫ እጅግ ትንሽ ነው።

ይህንን ከማንኛውም ትምህርት በተሻለ የሚያስረዳው በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ሎንግፎርድ በተባለ ስፍራ የደረሰው አደጋ ነው። በዚያ የሚገኘው የኤሶ ኩባንያ ማቀነባበሪያ ባስ ከተባለው የባሕር ሰርጥ የሚወጣውን ጋዝ ተቀብሎ ለግዛቱ ቤቶችና ፋብሪካዎች ያዘጋጅ ነበር። የአንደኛው ክፍል አሠራር በጥቂቱ የሚከተለው ነው፦ ጥሬው ጋዝ በረጃጅም ማማዎች ውስጥ ሲያልፍ ልዩ ዘይት ይረጭበትና ከበድ ያሉትን የጋዙን ክፍሎች ዘይቱ መጥጦ ይወስዳቸዋል፤ ከዚያም ዘይቱ ሞቆ የያዘውን ይለቅና ወደ ዑደቱ ይመለሳል። ስለዚህ በፋብሪካው ውስጥ ትኩሱ ዘይትና ቀዝቃዛው ፈሳሽ በሙቀት መለዋወጫዎች አማካይነት ያለማቋረጥ ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ የአንዱ መኖር ሌላውን በልኩ ያቆየዋል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1998 ጠዋት፣ በማማዎቹ ውስጥ የፈሳሹ መጠን ከልክ በላይ በመጨመሩ የአሠራሩ ሚዛን ተዛባና ትኩሱን ዘይት የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ፤ ለሰዓታትም ተመልሰው አልተነሡም። ቀዝቃዛው ፈሳሽ ግን መፍሰሱን ቀጠለ። በመደበኛው ጊዜ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቀው አንድ ሙቀት መለዋወጫ ከዜሮ በታች 48 ዲግሪ ደረሰ፤ በቧንቧዎቹ ላይ በረዶ ጋገረ፣ ከአንዱም ፈሳሽ መንጠባጠብ ጀመረ። ሠራተኞቹ ያሰቡት ማንም ሰው የሚያስበውን ነው፤ የቀዘቀዘውን ለማሞቅ ትኩሱን ዘይት መመለስ። ተራ ብረት ግን እንዲህ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ የመተጣጠፍ ባሕርዩን ያጣል፤ ድንገት ሙቀት ሲያገኘው እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ መለዋወጫው ተሰበረ፣ ያመለጠው ጋዝ እንደ ደመና ተስፋፍቶ በአቅራቢያው በእሳት የሚሠሩ ማሞቂያዎችን ሲያገኝ ተቀጣጠለ። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ፣ ስምንት ቆሰሉ። እሳቱን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ከሁለት ቀን በላይ የወሰደ ሲሆን፣ በቪክቶሪያ የነበሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤቶች ከሁለት ሳምንት በላይ ጋዝ አጥተው ቆዩ።

ኩባንያው ጥፋቱን በኦፐሬተሮቹ ላይ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ ሥልጠና ወስደዋል፣ የተማሩትን ግን አልሠሩበትም የሚል ነበር ክርክሩ። የቀድሞው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ዳሪል ዳውሰን የመሩት ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን በ1999 ባቀረበው ሪፖርት ይህንን አልተቀበለም። ቅዝቃዜ ብረትን ሊሰብር እንደሚችል ኦፐሬተሮቹም ሆኑ የቅርብ አለቆቻቸው በሚገባ አልተማሩም፤ እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲፈጠር ምን እንደሚደረግ የሚናገር የአሠራር መመሪያም አልነበረም። በሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ላይ የተካሄደው ዝርዝር የአደጋ ስጋት ጥናት፣ በዕድሜ ትልቁ በሆነው በዚህ ክፍል ላይ ታቅዶ ሳይካሄድ ቀርቷል። መሐንዲሶቹ በ1992 ከፋብሪካው ተነሥተው ወደ ሜልቦርን ቢሮ ተዛውረዋል። ከአደጋው በፊት በነበረው ወር ተመሳሳይ የቅዝቃዜ ክስተት ታይቶ ነበር፤ የተጎዳ ሰው ስላልነበረ ግን እንደ አደጋ አልተመዘገበም። ይህ ሁሉ ሲሆን የኩባንያው የጉዳት ቁጥር ምስጉን ነበር፤ ከአደጋው ወራት ቀደም ብሎ ከእናት ኩባንያው የመጡ ኦዲተሮችም የደኅንነት ሥርዓቱን አመስግነው ሄደዋል። ኤሶ በ2001 ጥፋተኛ ተብሎ 2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል።

ከእነዚህ ሁሉ በእኔ ግምት ትልቁን ቦታ የሚይዘው የመሐንዲሶቹ ከስፍራው መነሣት ነው። መሐንዲስ በስልክ ይገኛል ይባል ይሆናል፤ ስልክ ግን የሚደወለው ችግር መኖሩ ሲታወቅ ነው፤ በሎንግፎርድ የጎደለውም ችግር መኖሩን የሚያውቅ ዓይን ነበር። ያንን ውሳኔ የወሰኑት ሰዎች ቫልቭ አልነኩም፣ ፓምፕ አላቆሙም፤ ስማቸውም በየትኛውም የፈረቃ መዝገብ ላይ አይገኝም።

ወደ እርስዎ ጥያቄ ስመለስ፣ ሰሌዳውን ለማስወረድ መታገል አያስፈልግም፤ በአጠገቡ ሌሎች ቁጥሮች እንዲሰፍሩ ይጠይቁ። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም በ2010 ባወጣው መመሪያ እነዚህን መለኪያዎች በአራት እርከን ያስቀምጣቸዋል፦ ከላይ ትልልቅና አነስተኛ የጋዝ ማምለጦች፣ ከእነርሱ በታች መከላከያ መሣሪያዎች ሥራቸውን እንዲሠሩ የተገደዱባቸው አጋጣሚዎች፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የዕለት ተዕለት ሥርዓት፣ ማለትም ጊዜው ያለፈበት ምርመራ፣ ያልተሰጠ ሥልጠና፣ ያልተዘጋ የኦዲት ግኝት። ለእርስዎ የሚጠቅሙት የታችኛዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ከአደጋው ቀድመው ይናገራሉና። ስለ ማንቂያዎቹ ደግሞ በኢንዱስትሪው የታወቀው ልክ፣ በተረጋጋ ሥራ ወቅት ለአንድ ኦፐሬተር በአሥር ደቂቃ ከአንድ ያልበለጠ ማንቂያ እንዲደርሰው ነው። በ1994 በብሪታንያ ዌልስ፣ በሚልፎርድ ሄቨን የነዳጅ ማጣሪያ ከደረሰው ፍንዳታ በፊት በነበሩት 11 ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ኦፐሬተሮች 275 ማንቂያ ወርዶባቸው ነበር፤ ማንም ሰው ይህን አንብቦ ሊጨርስ አይችልም። በፈረቃዎ ብዙ የሚጮኹትን ጥቂት ማንቂያዎች ለይተው፣ እያንዳንዱ ሲጮኽ ኦፐሬተሩ ምን እንዲያደርግ እንደሚጠበቅ መሐንዲሱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልስ የሌለው ማንቂያ ማንቂያ መሆን የለበትም። የተላለፈውን የቫልቭ ፍተሻ ደግሞ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በጀቱን ለሚያዝዘው ሰው ያሳውቁ።

ፈረቃው ከመጀመሩ በፊትም ከሰዎችዎ ጋር አንድ ነገር ይቁረጡ፦ ሙቀት፣ ግፊት ወይም የፈሳሽ መጠን ከየትኛው ልክ ሲያልፍ ለማንም ሳይደውሉ ፋብሪካውን እንደሚያቆሙ። ይህንን ልክ የበላይ ኃላፊዎ አስቀድመው ቢፈርሙበት የበለጠ ይሻላል፤ በሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስለ ምርት መቋረጥ ክርክር አይገጥምምና።

ጥያቄ፦ በጥገና ክፍል የምሠራ መካኒክ ነኝ። አንዲት ቫልቭ ለመፍታት እንኳ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ማስሞላት፣ ማስፈረም፣ በፈረቃው መጨረሻ ተመልሶ መዝጋት ግማሽ ሰዓት ይበላል። ብዙዎቻችን ቦታው ድረስ ሳንሄድ ቢሮ ውስጥ እንፈርማለን። ወረቀቱ በእርግጥ ሰው ያድናል ወይስ ጥፋት ሲመጣ ተጠያቂ ለመፈለግ ብቻ ነው?

መልስ፦ በሰሜን ባሕር፣ ከስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ ርቆ ይገኝ የነበረው ፓይፐር አልፋ የተባለ የነዳጅና የጋዝ ማምረቻ መድረክ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 የወደመው በትክክል እርስዎ በጠየቁት ጉዳይ ነው። በዚያን ቀን ከሁለት ፓምፖች የአንደኛው የግፊት መከላከያ ቫልቭ ለፍተሻ ተፈትቶ ወጣ፤ ክፍቱ አፍም በብረት ክዳን ተሸፈነ። ሥራው እስከ ማታ ስላላለቀ ለማግስቱ ተላለፈ፤ ወረቀቱ ተመለሰ፣ ነገር ግን የሌሊቱ ፈረቃ በርክክብ ጊዜ ስለ ቫልቩ አልተነገረውም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሁለተኛው ፓምፕ ቆመና አልነሣ አለ። ተረኞቹ ወረቀቶቹን ፈለጉ፤ ያገኙት ስለ መጀመሪያው ፓምፕ ሌላ ጥገና የሚናገረውን ነበር፤ ያ ጥገና ገና ስላልተጀመረ ፓምፑ ደኅና መሰላቸው። የቫልቩ ወረቀት ሌላ ቦታ ነበር። ፓምፑን ሲያስነሡ ጋዙ በክዳኑ በኩል አመለጠና ፍንዳታው ተከተለ። 167 ሰዎች አለቁ። በቧንቧ የተገናኙት ጎረቤት መድረኮች እሳቱ ከተነሣ በኋላም ወደዚያው ነዳጅና ጋዝ መላካቸውን ወዲያው አላቆሙም ነበር፤ ይህም እሳቱን አባባሰው።

ጉዳዩን የመረመሩት ሎርድ ካለን በ1990 ባወጡት ሪፖርት 106 ምክረ ሐሳቦችን አቅርበዋል፤ ሁሉም ተቀባይነት አግኝተዋል። የሥራ ፈቃድ ሥርዓቱ በጽሑፍ እንደነበረ፣ በተግባር ግን እየላላ እንደሄደና የበላይ ኃላፊዎች በእርግጥ እየተሠራበት መሆኑን እንዳላጣሩ ሪፖርቱ ያስረዳል። ስለዚህ ወረቀቱ ሰው ያድናል፤ የሚያድነው ግን በአንድ ማሽን ላይ ያሉ ፈቃዶች ሁሉ በአንድ ስፍራ ሲቀመጡ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሲጠቅስ፣ ፈራሚው ቦታው ላይ ቆሞ ሲፈርም፣ በማሽኑም ላይ ቁልፍና ምልክት ሲንጠለጠል ነው። ግማሽ ሰዓቱን በተመለከተ ከእርስዎ ይልቅ የምወቅሰው የሥራ ዕቅዱን የሚያወጣውን ነው። በዕቅዱ ውስጥ ለፈቃድና ለርክክብ ጊዜ ያልመደበ አለቃ፣ በአፉ ምንም ይበል ምን፣ ቢሮ ተቀምጣችሁ ፈርሙ ብሏችኋል።

ጥያቄ፦ የጅግጅጋ ነዋሪ ነኝ። በክልላችን ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ማቀነባበሪያ ሥራ መጀመሩ አስደስቶናል። ጋዙ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ዓይነቱ ፋብሪካ የተለየ አደጋ አለው? ከሌሎች አገሮች ምን መውሰድ ይቻላል?

መልስ፦ የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሎንግፎርድ ላይ በድንገት የመጣው ቅዝቃዜ በዚህ ዓይነቱ ፋብሪካ ውስጥ የዘወትር ሁኔታ ነው፤ ፈሳሹን የሚነኩት ዕቃዎችም ከተራ ብረት ሳይሆን ዘጠኝ በመቶ ኒኬል ካለው ብረት፣ ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራሉ። አደጋው የሚበረታው ቅዝቃዜው ላልታሰበለት ብረት ሲደርስ ነው፤ በጥገና ጊዜ መጋዘን ውስጥ የተገኘ መለዋወጫ ቧንቧ ወይም ብሎን ዓይነቱ ሳይረጋገጥ ሲገባ እንደማለት ነው።

በአህጉራችን የአልጄሪያው ስኪክዳ ማስታወስ የሚገባ ነው። በጃንዋሪ 19 ቀን 2004 ከማቀነባበሪያው ያመለጠ ጋዝ በእንፋሎት ማመንጫ ቦይለር አየር መሳቢያ በኩል ገብቶ መጀመሪያ ቦይለሩን፣ ቀጥሎም ውጪ የተጠራቀመውን ጋዝ አፈነዳ፤ 27 ሰዎች ሞቱ። እሳት የሚያነድዱ ማሽኖች ከጋዙ መንገድ ምን ያህል እንደሚርቁና በአየር መሳቢያቸው ላይ ጋዝ ጠቋሚ መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው ንድፉ በወረቀት ላይ እያለ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የካሉብን ያህል ከትልልቅ ከተሞች የራቀ ማንኛውም ፋብሪካ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች የት ይኖራሉ? በዋና ከተማ ተቀምጦ በርቀት መምራት ርካሽና ምቹ ነው። መሐንዲስ በስፍራው እንዲቆይ ደግሞ ትምህርት ቤት፣ ሐኪምና ደኅና መኖሪያ ያስፈልጋል፤ እነዚህን ወጪዎች ከደኅንነት በጀት ውስጥ ባገኛቸው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር መሙያ ድርጅት አስተዳድራለሁ። በየሳምንቱ ሠራተኞቼን ሰብስቤ ችግር ካለ እጠይቃለሁ፤ መልሳቸው ሁልጊዜ «ሰላም ነው» የሚል ነው። እውነቱን እየነገሩኝ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በስብሰባ መካከል፣ በባልደረቦች ፊት፣ ለአለቃ «ችግር አለ» ማለት እኛ ዘንድ ቀላል አይደለም፤ ይሉኝታው አለ፣ ጥፋቱ ወደ ጓደኛ እንዳይዞር መሳቀቁ አለ፣ እንጀራም አለ። ስለዚህ ጥያቄዎ «ሰላም ነው» ተብሎ ሊመለስ የማይችል ይሁን። ስብሰባውን ትተው መሙያው ድረስ ይሂዱና አንዱን ሠራተኛ ለብቻው «በደንብ የማይዘጋው ቫልቭ የትኛው ነው?»፣ «ዛሬ የማይሠራው ጋዝ ጠቋሚ የቱ ነው?»፣ «ወረፋ ሲበዛ የምትዘልሉት ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም ቢል አይቆጡ፤ በሌላ ቀን ይመለሱበት። መጀመሪያ መጥፎ ወሬ ይዞ የሚመጣውን ሰው እንዴት እንደሚያስተናግዱት ሌሎቹ ሁሉ አድፍጠው ያያሉ። የነገረዎትን ነገር በቀናት ውስጥ ቢያስጠግኑ፣ ባይቻልም ለምን እንዳልተቻለ ለእርሱው ቢነግሩት፣ ቀጣዩ ሰው ሳይጠሩት ይመጣል።

ጉርሻን ጉዳት ካለመድረሱ ጋር ካያያዙ ደግሞ ይፍቱት። ሰው የተቆረጠ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይደብቅልዎታል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ኤፕሪል 20 ቀን 2010 በተቃጠለው ዲፕዋተር ሆራይዘን በተባለ የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ መድረክ ላይ በዚያው ዕለት የኩባንያዎቹ ኃላፊዎች ለጉብኝት ተገኝተው ነበር፤ ከጉብኝቱ ምክንያቶች አንዱ መድረኩ ለሰባት ዓመት ሥራ የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስበት መቆየቱን ማመስገን ነበር። በዚያው ምሽት 11 ሰዎች ሞቱ።

በእርስዎ ሥራ ዓይነት ልዩ ትኩረት የሚሹት ከማጠራቀሚያው ሥር ውኃ የሚወርድባቸው ቫልቮች ናቸው። በፈረንሳይ ፌይዛን በጃንዋሪ 1966 አንድ ኦፐሬተር ከፕሮፔን ማጠራቀሚያ ሥር ሲያስወርድ ፈሳሹ ቫልቩን በበረዶ አጣብቆት መዝጋት አልቻለም፤ ጋዙ መሬት ለመሬት ተስፋፍቶ በአቅራቢያው መንገድ ላይ ከነበረ መኪና እሳት አገኘ፣ ማጠራቀሚያውም ፈንድቶ 18 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል እሳት ሊያጠፉ የመጡ ነበሩ። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ቦይና ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ሽታው አፍንጫዎ ሳይደርስ እግርዎ ሥር ሊኖር ይችላል። ይህን ሥራ ማን እንደሚሠራው፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ፣ ብቻውን ይሁን ከሌላ ሰው ጋር፣ በዓይንዎ ሲሠራ ቆመው ይዩ። በወረቀት የተጻፈው መመሪያ ከሚያዩት ጋር የማይገጥም ከሆነ ሠራተኛውን ከመውቀስዎ በፊት ለምን እንደለወጠው ይጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ መመሪያው ራሱ የማይመች ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ለጥገና ሥራ የመጣ ተቋራጭ ጊዜያዊ የቆርቆሮ ቢሮዎቹን ከማሽኖቹ አጠገብ ለማቆም ፈቃድ ጠይቆናል። ለሥራ ቅርብ መሆኑ ይጠቅማል ይላል። ልንፈቅድለት ይገባል?

መልስ፦ አይፍቀዱ። በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ በነበረው የቢፒ ኩባንያ የነዳጅ ማጣሪያ በማርች 23 ቀን 2005 አንድ ክፍል ከጥገና በኋላ እንደገና ሲነሣ በተፈጠረው ፍንዳታ የሞቱት 15 ሰዎች በሙሉ ከክፍሉ አጠገብ በቆሙ ጊዜያዊ ቢሮዎች ውስጥና ዙሪያቸው የነበሩ የተቋራጭ ሠራተኞች ናቸው፤ 180 ያህል ሌሎች ደግሞ ቆስለዋል። በቢሮዎቹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ክፍሉ ሥራ እየጀመረ መሆኑ እንኳ አልተነገራቸውም ነበር። ማሽን ሲነሣና ሲቆም ያሉት ሰዓታት ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ አደገኛ ስለሆኑ፣ ቢሮዎቹ ርቀው ከቆሙ በኋላም በእነዚያ ሰዓታት ለሥራው የማያስፈልግ ሰው ሁሉ ከአካባቢው እንዲወጣ፣ መውጣቱንም የፈረቃ መሪው በስም ዝርዝር ቆጥሮ እንዲያረጋግጥ በውሉ ውስጥ ያስገቡ።